የ11 ዓመቱ ልጄ እህቱን አስፋልት ያሻግራት?

«ሴት ልጄ 7 ዓመቷ ነው፤ ሁለተኛ ክፍል ናት። ወንዱ 11 ሞልቶታል። ትምህርት ቤታቸው ከቤታችን በእግር 20 ደቂቃ ቢያስኬድ ነው፤ ግን ከበሩ ፊት ለፊት ትልቅ አስፋልት አለ። እኔም አባታቸውም በጊዜ ሥራ መግባት ስላለብን ጠዋት ጠዋት የሚያሻግራት ወንድሟ ነው። ባለፈው ወር የክፍሏን ልጅ እዚያው በር ላይ መኪና ገጭቶት እግሩ ተሰበረ። ትምህርት ቤቱ ተማሪዎቹን ሰብስቦ ‹ግራ ቀኝ ሳታዩ አትሻገሩ› ብሎ መከረ፤ ነገሩ በዚያው ቀረ። ባለቤቴ ‹ልጁ እኮ አድጓል፤ ካልሆነም ተበድረን መኪና እንግዛና እናመላልሳቸው› ይላል። እኔ ግን እንቅልፍ አጥቻለሁ። ልጄን ጥንቃቄ እንዴት ላስተምራት? ብቻዋን መሻገር የምትችለው በስንት ዓመቷ ነው? ደማቅ ቀለም ያለው ቦርሳ ብገዛላትስ ይጠቅማል?»
የሁለት ልጆች እናት

እህቴ፣ ስለ ተጎዳው ልጅ አዝኛለሁ፤ ቶሎ ድኖ ወደ ክፍሉ እንዲመለስ እመኛለሁ። የጠየቁኝን ሁሉ እመልሳለሁ፤ በቅድሚያ ግን ደብዳቤዎ ውስጥ ፈልጌ ያጣሁትን አንድ ነገር ላንሳ። ከአደጋው በኋላ ተማሪዎቹ ተሰብስበው ተመክረዋል። ልጅዎም ተመክራለች፤ ወንድሟም አደራ ተብሏል። ያ መኪና ትምህርት ቤት በር ላይ በስንት ፍጥነት ይነዳ እንደነበር የጠየቀ ሰው ግን የለም። መንገዱን ማንም አልነካውም፤ ነገ ጠዋትም ልጆቹን የሚጠብቃቸው ያው መንገድ፣ ያው ፍጥነት፣ ያው በር ነው። መልሴ በአብዛኛው ስለ መንገዱ የሚሆነው ለዚህ ነው።

«ግራ ቀኝ እዩ» የሚለው ምክር መጥፎ ሆኖ አይደለም። የሰባት ዓመት ልጅ እይ ከተባለች ታያለች፤ የሚያቅታት ያየችውን መመዘን ነው። በለንደን ዩኒቨርሲቲ የሮያል ሆሎዌይ ኮሌጅ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2010 ይፋ ያደረጉት ጥናት እንዳሳየው፣ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች በሰዓት ከ32 ኪሎ ሜትር በላይ የሚነዳ መኪና ወደ እነሱ እየቀረበ መሆኑን መለየት ሊሳናቸው ይችላል። ምክንያቱ የዓይንና የአእምሮ ዕድገት ነው። ቀጥ ብሎ ወደ እኛ የሚመጣ መኪና መቅረቡ የሚታወቀን ለዓይናችን እየተለቀ ስለሚሄድ ነው። በፍጥነት የሚመጣው ደግሞ ልጅቷ «ልግባ ወይስ ልቆይ» በምትልበት ቅጽበት ገና ሩቅ ስለሆነ፣ የመተለቁ ለውጥ ለእሷ ከምንም አይቆጠርም። ስለዚህ ልጅዎ እንደተመከረችው ግራ ቀኝ አይታ፣ መኪናውንም በዓይኗ አይታው፣ የቆመ መስሏት ልትገባ ትችላለች። ይህችን ልጅ «ለምን አላየሽም?» ብሎ መቆጣት ምን ይጠቅማል?

ሌላው ጥናት የአሜሪካው የአይዋ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ያሳተሙት ነው። ልጆቹን በዙሪያቸው በተዘረጋ ትልልቅ ስክሪን መካከል አቁመው፣ መኪናዎች ተከታትለው በሚያልፉበት ምስል ውስጥ በእግራቸው እንዲሻገሩ አደረጓቸው። የ6 ዓመት ልጆች ከመቶው ሙከራ በ8ቱ «ተገጩ»። የ8 ዓመቶቹ በ6ቱ፣ የ10 ዓመቶቹ በ5ቱ፣ የ12 ዓመቶቹ በ2ቱ። እንደ አዋቂ ሆነው የተገኙት የ14 ዓመቶቹ ናቸው። ለእኔ ትልቁን ነገር የነገረኝ የስህተቱ ዓይነት ነው። ትንንሾቹ የሚመርጡት ክፍተት ከአዋቂ ብዙም የተለየ አልነበረም። ልዩነቱ አዋቂው የፊተኛው መኪና እንዳለፈለት ወዲያው እግሩን ሲያነሳ፣ ልጁ ለአፍታ ማመንታቱ ነው። ያቺ አፍታ ክፍተቱን ትበላዋለች። የ12 ዓመቶቹ ይህን ድክመታቸውን ያወቁት ይመስል ሰፋ ያለ ክፍተት ይጠብቁ ነበር።

በስዊድን ስቲና ሳንዴልስ የተባሉ የሕፃናት ዕድገት ተመራማሪ በ1960ዎቹ ልጆችን መንገድ ላይ ሲከታተሉ ቆይተው የደረሱበት መደምደሚያም ከዚህ አይርቅም፤ ትንሽን ልጅ ለትራፊክ እንዲበቃ አድርጎ ማሠልጠን አይቻልም፣ ትራፊኩን ነው ለልጅ እንዲመች ማድረግ። ስድሳ ዓመት ሊሞላው ነው፤ እኛ ግን ዛሬም አደጋ በደረሰ ቁጥር ሰልፍ ላይ አቁመን የምንመክረው ልጆቹን ነው።

በስንት ዓመቷ? ወዳሉት ልመለስ። የአውስትራሊያዋ ኒው ሳውዝ ዌልስ ግዛት ለወላጆች የምትሰጠው መመሪያ እስከ 8 ዓመት ድረስ መንገድ ዳር ሲሄዱም ሲሻገሩም እጃቸው እንዲያዝ፣ እስከ 10 ዓመት ደግሞ አዋቂ አብሯቸው ሆኖ ሲሻገሩ እጃቸውን እንዲይዛቸው ይላል። እኔም በዚህ እስማማለሁ፤ ግን መንገድ ሁሉ አንድ አይደለም። መኪና አልፎ አልፎ ቀስ ብሎ በሚያልፍበት የሰፈር ውስጥ መንገድ የ9 ዓመት ልጅ ብቻዋን ብትሻገር አልደነግጥም። እርስዎ እንደጻፉልኝ ባለ ትልቅ አስፋልት፣ መብራትም አሻጋሪም በሌለበት፣ ከ12 ዓመት በፊት አልለቃትም፤ ያኔም ቢሆን እርስዎ ከኋላ ሆነው ደጋግመው ካዩዋት በኋላ ነው።

ይህ ማለት ወንድሟም ገና ነው ማለት ነው። እውነቱን ለመናገር ከደብዳቤዎ ይበልጥ ያሳሰበኝ እሱ ነው። ባለቤትዎ «አድጓል» ማለታቸው ይገባኛል፤ የ11 ዓመት ልጅ በቤት ውስጥ ብዙ ነገር ይችላል። አስፋልት ዳር ሲቆም ግን ገና ለራሱ ያልጠና ልጅ ነው። በዚያ ላይ እጇን ልታስለቅቅ የምትታገል እህት ይዟል፣ ከማዶ ጓደኞቹ ይጠሩታል፣ ደወሉ ሊደወል ነው። እግዚአብሔር አያድርገውና አንድ ነገር ቢደርስ ደግሞ ዕድሜ ልኩን «በእኔ እጅ እያለች» ሲል ይኖራል። ይህን ሸክም ልጅ ላይ መጫን አይገባም። እስከ አስፋልቱ ድረስ ባለው የውስጥ መንገድ አብሯት ይሂድ፣ ቦርሳዋንም ይያዝላት፤ ማሻገሩ ግን የአዋቂ ሥራ ይሁን። ይህን ለእሱ ሲነግሩት «አልቻልክም» እንዳይመስለው ይጠንቀቁ። «ይህ መንገድ ለማንም ልጅ አይሆንም» ቢሉት ይሻላል፤ እውነትም ነው።

አሁን ወደ ፍጥነቱ እንምጣ። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ ባለቤትዎንም የሚያሳምናቸው ይመስለኛል። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሾፌር ድንገት ልጅ ቢያይ፣ ደንግጦ ፍሬን እስኪረግጥ አንድ ሰከንድ ይፈጅበታል፤ በዚያች ሰከንድ 8 ሜትር ያህል ይሄዳል። ከዚያ ፍሬኑ ይይዝና በደረቅ አስፋልት ላይ በድምሩ 13 ሜትር ገደማ ላይ ይቆማል። በ50 የሚነዳው ደግሞ በዚያች በአንዷ ሰከንድ ብቻ ወደ 14 ሜትር ይሄዳል። የመጀመሪያው መኪና ቆሞ ባበቃበት ቦታ ላይ ሁለተኛው ፍሬን መያዝ ገና አልጀመረም ማለት ነው። የሚቆመው 28 ሜትር አካባቢ ሲደርስ ነው። ልጁ ከ15 ሜትር ላይ ድንገት ቢገባ አንደኛው ሾፌር ደንግጦ ይቆማል፤ ሁለተኛው ፍጥነቱን ምንም ያህል ሳይቀንስ ይመታዋል። ዝናብ ካለ ወይም ጎማው ያለቀ ከሆነ የባሰ ነው።

እ.ኤ.አ. በየካቲት 2020 ስቶክሆልም የተሰበሰቡ የብዙ አገሮች ሚኒስትሮች፣ እግረኛና መኪና በሚቀላቀሉበት ቦታ ከፍተኛው ፍጥነት 30 ኪሎ ሜትር እንዲሆን የጠየቁት በዚህ ሒሳብ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤም በዚያው ዓመት መግለጫውን ደግፎታል። ለባለሥልጣን ደብዳቤ የሚጽፉ ከሆነ ይህችን ቁጥር ይያዙልኝ።

የእናንተ መንገድ ስንት እንደሚነዳበት ራስዎ ሊለኩት ይችላሉ፤ መሣሪያ አያስፈልገውም። ከሌላ ወላጅ ጋር ሆነው ልጆቹ በሚገቡበት ሰዓት በእግረኛ መንገዱ ላይ በሜትር ወይም በተለካ ገመድ 50 ሜትር ይለኩና ጫፍና ጫፉ ላይ ምልክት ያድርጉ። አንዱ መኪናው የመጀመሪያውን ምልክት ሲያልፍ እጁን ያውርድ፤ ሌላው በስልኩ ሰከንድ ይቁጠርና ሁለተኛውን ምልክት ሲያልፍ ያቁም። 6 ሰከንድ ከፈጀ 30 ነው። አራት ሰከንድ ተኩል ከፈጀ 40፤ ሦስት ተኩል ላይ ከደረሰ ከ50 አልፏል። ከመንገዱ ራቅ ብለው ይቁሙ፣ ሾፌር ላይ አይጩኹ፤ የመኪና ታርጋም መመዝገብ አያስፈልግም። «መኪናው ይበዛል፣ ይፈጥናል» ብሎ አቤት የሚል ሰው ብዙ ነው። «ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ከለካናቸው 50 መኪናዎች ይህን ያህሉ ከ40 በላይ ይነዱ ነበር» የሚል ወረቀት ይዞ የሚገባ ግን ጥቂት ነው። እንዲህ ያለውን ሰው በቀላሉ አይመልሱትም።

እግረ መንገድዎን ሌላም ይለኩ። ልጅዎ በተለመደ እርምጃዋ መንገዱን ከዳር እስከ ዳር ለመሻገር ስንት ሰከንድ ይፈጅባታል? ስድስት ሰከንድ ከሆነ፣ በ50 የሚመጣ መኪና በዚያ ጊዜ ከ80 ሜትር በላይ ይሄዳል። እንግዲህ እሷ ከቆመችበት ቦታ፣ በእሷ ቁመት ጎንበስ ብለው ሲያዩ፣ በሁለቱም አቅጣጫ 80 ሜትር የማይታይ ከሆነ ያ ቦታ መሻገሪያ አይደለም። ጥምዝ፣ ዛፍ፣ የማስታወቂያ ሰሌዳ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የቆሙ መኪናዎች ይጋርዱታል። ብዙ ጊዜ ትምህርት ቤት በር አጠገብ መኪና እንዳይቆም መከልከል ብቻውን ትልቅ ለውጥ ያመጣል፤ ወጪውም እዚህ ግባ አይባልም።

ምን ይደረግልን ብለው ይጠይቁ? እዚህ ላይ ከዳሬሰላም የተገኘ ጥሩ ምሳሌ አለ። አሜንድ የተባለ ድርጅት በታንዛኒያና በሌሎች የአፍሪካ ከተሞች ባሉ ትምህርት ቤቶች ዙሪያ ልጆች የት እንደሚጎዱ እየለየ ቀላል ቀላል ሥራ ሠራ፤ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ፣ የእግረኛ መንገድ፣ መኪና እንዳይወጣበት የሚከላከል አጭር ምሰሶ፣ ዜብራና ምልክት። ከዚህ ጋር ለልጆቹ ትምህርት ሰጠ። ውጤቱም በጥናት ተለክቶ በልጆች ላይ የሚደርሰው ጉዳት በ26 በመቶ ያህል ቀንሷል፤ ሥራው እ.ኤ.አ. በ2019 ዓለም አቀፍ የከተሞች ሽልማት አግኝቷል። ይህን ልብ ይበሉልኝ፤ ትምህርቱ ብቻውን አልመጣም፣ መንገዱም ተስተካክሏል።

ከሁሉ በፊት ጉብታውን ይጠይቁ። በዜብራው ላይ ሳይሆን በሁለቱም አቅጣጫ ጥቂት ሜትር ቀደም ብሎ ይሁን፤ ሾፌሩ ዜብራው ጋ ሲደርስ ፍጥነቱን ቀንሶ ይገኝ ዘንድ። ከዚህም የተሻለው ዜብራው ራሱ ከአስፋልቱ ከፍ ብሎ እንዲሠራ ማድረግ ነው፤ ልጆቹ ከእግረኛ መንገዱ ሳይወርዱ ይሻገራሉ፣ መኪናው ነው ወጥቶ የሚወርደው። «ዜብራ እንቀባላችኋለን» ተብለው ብቻ ከተሸኙ ግን አመስግነው እንዳይወጡ። ቀለም መኪና አያቆምም። በአሜሪካ በ30 ከተሞች 1,000 ዜብራ ያላቸውንና 1,000 የሌላቸውን መሻገሪያዎች ያወዳደረ ሰፊ ጥናት፣ ብዙ መስመርና ብዙ ትራፊክ ባለው መንገድ ላይ መብራት ወይም ሌላ ፍጥነት የሚቀንስ ነገር ሳይጨመር ዜብራ ብቻ መቀባት እግረኛን ይልቁንም ለባሰ አደጋ እንደሚያጋልጥ አሳይቷል።

አንዱ ምክንያት ሁላችንም በዓይናችን ያየነው ነው። የቅርቡ መስመር መኪና ደግ ሾፌር ገጥሞት ይቆማል። ልጅቷ «ቆመልኝ» ብላ ትገባለች። በሁለተኛው መስመር የሚመጣው ሾፌር የቆመው መኪና ጋርዷት አያያትም፤ እሱ የሚያስበው «ይሄ ደግሞ ለምን ቆመ?» ብሎ ነው። ክላክስ እየነፋ ያልፋል። የእናንተ አስፋልት በአንድ አቅጣጫ ከአንድ በላይ መስመር ካለው፣ ስለዚህ አደጋ ለሁለቱም ልጆችዎ ዛሬውኑ ይንገሯቸው፤ አዋቂም እኮ የሚሞትበት ነው። መኪና ቆሞላቸው ቢገቡ እንኳ የቆመው መኪና ጫፍ ላይ ሲደርሱ ቀጥ ብለው ቆመው፣ አንገታቸውን አስግገው ቀጣዩን መስመር ይዩ።

በሩንም ይዩት። በቀጥታ ወደ አስፋልት የሚከፈት በር ካለ፣ ደወል ሲደወል ልጆቹ ተገፋፍተው የሚወጡት መንገዱ ላይ ነው። በብዙ አገሮች በልጆች ላይ አደጋ የሚበዛው ጠዋት ሳይሆን ከትምህርት ሲለቀቁ ነው፤ ጠዋት እንቅልፍና ሰዓት ይዟቸው ይመጣሉ፣ ከሰዓት በኋላ ጨዋታው ይዟቸው ይወጣል። ከበሩ ፊት ለፊት በእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ አጠር ያለ የብረት አጥር ቢተከል የሚሮጠውን ልጅ ያስቆመዋል። ትምህርት ቤቱ በጎን በኩል ወደ ውስጥ መንገድ የሚያወጣ ሌላ በር ካለው ደግሞ ዋናውን በር ለተማሪ መዝጋትና በዚያ ማስወጣት ከሁሉም ይበልጣል፤ ቁልፉ ያለው ዳይሬክተሩ ጋ ስለሆነ የማንንም ፈቃድ አይጠብቅም። ትንንሾቹን አሥር ደቂቃ አስቀድሞ መልቀቅም እንዲሁ።

ለብቻዎ አይሂዱ። የተጎዳው ልጅ ወላጆች ፈቃደኛ ከሆኑ አብረዋችሁ ቢሆኑ ጥሩ ነው፤ ካልሆኑ ግን አይጫኗቸው፣ የራሳቸው ሐዘን አለባቸው። የወላጆች ኮሚቴ ካለ በእሱ በኩል፣ ከሌለም የአሥር የአሥራ አምስት ወላጅ ፊርማ አሰባስባችሁ፣ ከዳይሬክተሩ ጋር አንድ ላይ ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ወይም መንገዱን ወደሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት ሂዱ። ደብዳቤው አጭር ይሁን፤ የለካችሁት ፍጥነት፣ አደጋው የደረሰበት ቀንና ቦታ፣ በቀን ስንት ልጅ እንደሚሻገር፣ የምትጠይቁት ነገር፣ መልስ የምትጠብቁበት ቀን። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው ሪፖርት እንደሚለው ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 29 ዓመት የሆኑትን በዓለም ላይ በቀዳሚነት የሚገድለው የመንገድ አደጋ ነው፤ ይህንንም በአንድ መስመር ጨምሩት። ግልባጩ ላይ ገቢ የተደረገበትን ማኅተም ሳታስመቱ አትውጡ።

«የወላጅ ጩኸት ምን ያመጣል?» የሚልዎት ሰው አይጠፋም። ኔዘርላንድስ ዛሬ ልጆች በብስክሌት ትምህርት ቤት የሚሄዱባት አገር ተብላ ትጠቀሳለች፤ እ.ኤ.አ. በ1971 ግን በዚያች አገር መንገዶች ላይ 3,300 ያህል ሰው ሞቷል፤ ከነዚህ ከ400 በላይ የሚሆኑት ልጆች ነበሩ። ልጁን ያጣ አንድ ጋዜጠኛ «የሕፃናት ግድያ ይቁም» ብሎ ጻፈ፤ ወላጆች ተነሱ፣ መንገድ ዘግተው ልጆቻቸውን አስፋልት ላይ አጫወቱ፣ ፓርላማ ድረስ ሄዱ። መኪና በእግር ርምጃ ፍጥነት ብቻ የሚነዳባቸው የሰፈር መንገዶች እ.ኤ.አ. በ1976 በሕግ ተደነገጉ፤ ሌላው ለውጥ ዓመታት ወስዶ ቀስ በቀስ መጣ። ዛሬ የመኪናው ብዛት ያኔ ከነበረው እጅግ በልጦ ሳለ የሟቾቹ ቁጥር በዓመት ከ800 በታች ነው። እናንተ መንገድ ዝጉ ማለቴ አይደለም፤ ነገሩ የተጀመረው በእርስዎ ዓይነት እናትና አባት መሆኑን ልነግርዎት ብዬ ነው።

ይህ ሁሉ እስኪሆን ግን ነገ ሰኞ ነው፤ ልጆቹ ይሄዳሉ። ስለዚህ ከሰፈርዎ በዚያው መንገድ ልጆች የሚልኩ አራት ቤተሰቦች ይፈልጉ። ከእናንተ ጋር አምስት ትሆናላችሁ፤ አምስት የትምህርት ቀን አለ። እያንዳንዱ ቤተሰብ በሳምንት አንድ ጠዋት ብቻ አንድ አዋቂ ይመድባል፤ እናት፣ አባት፣ አያት፣ ታላቅ የሆነ አክስት ወይም አጎት ሊሆን ይችላል። ልጆቹ በተወሰነ ሰዓት በተወሰነ ቦታ ይሰበሰባሉ፣ በመንገድም ሌሎቹን እየጨመሩ አብረው ይሄዳሉ። ዴቪድ ኤንግዊክት የተባለ አውስትራሊያዊ በ1990ዎቹ መጀመሪያ «በእግር የሚሄድ የትምህርት ቤት አውቶቡስ» ብሎ ያሰበው ዘዴ ነው፤ ዛሬ በብዙ አገር ይሠራበታል። ልጆቹ ከስድስት ሰባት በላይ ከሆኑ ሁለት አዋቂ ያስፈልጋል፤ አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ። ሥራ የሚበዛበት ሰው እንኳ በሳምንት አንድ ቀን አርፍዶ ለመግባት አለቃውን ማስፈቀድ አያቅተውም። መመለሻውን ከረሳችሁ ግን ነገሩ ግማሽ ነው፤ ከላይ እንዳልኩት የባሰው ሰዓት እሱ ነው።

ትምህርት ቤቱንም አንድ ነገር ይጠይቁ፤ በመግቢያና በመውጫ ሰዓት አንጸባራቂ ሰደርያ የለበሰና የማቆሚያ ምልክት የያዘ አዋቂ በር ላይ ይቁም። ዘበኛውም መምህርም ሊሆን ይችላል። አንዳንድ ቦታ ይህን ሥራ ለተማሪዎች ይሰጡታል። ዓላማው ጥሩ ቢሆንም እኔ አልወደውም። ተማሪው ጓደኞቹን በሰልፍ ያቁም፣ ይጠብቅ፤ መኪና ፊት ወጥቶ ሾፌር ማስቆም ግን የልጅ ሥራ አይደለም።

ልጅቷን ምን ያስተምሯት? ሳሎን ተቀምጠው ሳይሆን መንገዱ ላይ ሆነው ያስተምሯት፤ በቃል የተነገራት አስፋልት ዳር ስትደርስ አይታወሳትም። እጇን ይዘው «አሁን አንቺ አሻግሪኝ» ይበሏት። የት እንደምትቆም እሷ ትምረጥ፤ መቼ እንደምትገባ እሷ ትናገር፤ ለምን ይህን እንደመረጠች ትንገርዎት። ስትሳሳት እጇን ስለያዙ ምንም አትሆንም። ሁልጊዜ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ዓይነት መንገድ፤ ልጅ የሚይዘው ልማድን ነው። ጠርዙ ላይ ሙሉ በሙሉ ትቁም፤ የተቀመጠ መኪና ከጋረዳት ግን የመኪናው የውጭ ጫፍ ጋ ደርሳ እንደገና ትቁም። ሾፌሩ በእርግጥ እንዳያት እስክታይ፣ ጎማው መቆሙን እስክታይ አትግባ። ትራመድ እንጂ አትሩጥ፤ የሮጠ ልጅ ይወድቃል፣ መመለስም አይችልም። ኳስ፣ ወረቀት፣ ጫማ መንገድ ላይ ቢወድቅባት ትታው ትሂድ፤ እንደማይቆጧት አስቀድመው ይንገሯት፣ ብዙ ልጅ ወደ ኋላ የሚመለሰው ቁጣ ፈርቶ ነው።

እርስዎም አንድ ነገር ይጠንቀቁ፤ ልጅዎን ለመቀበል ሲሄዱ ከመንገዱ ማዶ ሆነው በስሟ አይጥሯት፣ እጅዎንም አያውለብልቡላት። ልጅ እናቷን ካየች መኪና አይታያትም። ወደ ትምህርት ቤቱ በኩል ተሻግረው በሩ ላይ ይጠብቋት።

ስለ መኪናው ለባለቤትዎ እንዲህ ይበሏቸው። መኪና መግዛት የቤተሰቡ ውሳኔ ነው፤ ለዚህ ችግር ብሎ መበደር ግን አይመስለኝም። ልጆቹን በር ላይ የሚያወርድ እያንዳንዱ መኪና በእግራቸው ለሚመጡት ሌላ ግርዶሽ፣ ሌላ ወደ ኋላ የሚነዳ መኪና ነው። ከገዙም ልጆቹ ከኋላ ወንበር ቀበቶ ታስረው ይቀመጡ፤ ልጅቷ ቁመቷ ቢያንስ 135 ሴንቲ ሜትር እስኪደርስ ከፍ የሚያደርግ የልጅ መቀመጫ ያስፈልጋታል፣ አለዚያ ቀበቶው አንገቷ ላይ ይውላል። ከበሩ መቶ ሜትር ራቅ ብለው በትምህርት ቤቱ በኩል ያቁሙ፣ በእግረኛ መንገዱ በኩል ባለው በር ያውርዷቸው፣ ቀሪውን በእግር ይሂዱ። ሰርቪስ የሚመርጡ ከሆነ ደግሞ እያንዳንዱ ልጅ የራሱ ወንበር እንዳለውና ረዳቱ ወርዶ እንደሚያሻግር ያረጋግጡ፤ ከሰርቪስ የወረደ ልጅ መኪናው ሄዶ መንገዱ እስኪታይ ቆሞ መጠበቅ አለበት እንጂ በፊቱ ዞሮ አይሻገርም።

ቦርሳውን ይግዙላት፤ ቀን ላይ ደማቅ ቢጫ ወይም ብርቱካናማ ይታያል። ማለዳና ምሽት ግን ቀለሙ ሳይሆን የመኪና መብራት ሲያርፍበት የሚያበራው አንጸባራቂ ጨርቅ ነው የሚጠቅመው፤ ስለዚህ በጀርባም በጎንም ያለው ይሁን፣ ከጎን የሚመጣ መኪናም አለና። የዝናብ ልብስ የሚጨምሩላት ከሆነ ደግሞ እዚያው ሱቁ ውስጥ ኮፍያውን አድርጋ ራሷን ወደ ጎን እንድታዞር ያድርጓት። ኮፍያው ፊት ለፊት ቀርቶ ፊቷ ብቻ ውስጥ የሚዞር ከሆነ፣ ሌላ ይምረጡላት።